ሰውነታችን በሽታን እንዴት ያስታውሳል?

እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። ደሴቶቹ ከሌላው ዓለም ርቀው የሚኖሩ ስለነበሩ በሽታው ለ65 ዓመታት ድርሽ ብሎባቸው አያውቅም። ከገባ በኋላ ግን ማን ይቻለው። ወደ 7,800 ከሚጠጋው ነዋሪ 6,000 ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አልጋ ያዘ። የዴንማርክ መንግሥት ፒተር ፓኑም የተባለ፣ ገና ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሐኪም ላከ። ፓኑም ከመንደር መንደር እየዞረ ማን እንደታመመና ማን እንደተረፈ ሲመዘግብ አንድ ነገር አስተዋለ። በ1781 በተነሣው ኩፍኝ በልጅነታቸው ታመው የዳኑ አረጋውያን፣ አንዳቸውም እንኳ ዳግመኛ አልታመሙም። በዕድሜ እኩያቸው ሆነው ያኔ በሽታው ያልነካቸው ግን እንደ ወጣቶቹ ወደቁ።

ይህን ታሪክ የወደድኩት አንድ የተለመደ ስሕተት ስለሚያርም ነው። «በሽታ የመከላከል አቅም» ስንል አቅም የሚለው ቃል ነገሩን እንደ ጉልበት ያስመስለዋል፤ በምግብና በእንቅልፍ የሚጨምር፣ በድካም የሚቀንስ አንድ የኃይል ክምችት። በፋሮ ደሴቶች ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ቆመው የሃያ ዓመት ጎረምሶች ወደቁ። ልዩነቱ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። ሽማግሌዎቹን ያዳናቸው ሰውነታቸው ኩፍኝን ከዚህ ቀደም አውቆት ስለነበር ነው። ያውም ኩፍኝን ብቻ፤ ያ ዕውቀት ለፈንጣጣም ሆነ ለሳንባ ምች አይረዳቸውም።

ታዲያ ሰውነት እንዴት ያውቃል? ቀይ የደም ሕዋስ በ120 ቀን ገደማ ይሞታል፤ ቆዳችን በየሳምንታቱ ይታደሳል። በ1781 በልጆቹ ሰውነት ውስጥ ከነበሩት ሕዋሳት አብዛኞቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ማን አስታወሰ?

መልሱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ምንም የማያስታውሰውን የመከላከያ ክፍል ማየት አለብን፤ ምክንያቱም ሥራውን አስቀድሞ የሚጀምረው እሱ ነው። ቆዳ፣ በአፍንጫና በመተንፈሻ ቧንቧ ያለው ንፍጥና አክታ፣ የጨጓራ አሲድ፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያ የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮች፣ እነዚህ ሁሉ ስንወለድ ይዘናቸው የምንመጣቸው አጥሮች ናቸው። አጥሩ ሲጣስ፣ ለምሳሌ እሾህ ሲወጋን፣ ወራሪውን እየዋጡ የሚፈጩ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ይህን መጀመሪያ የተረዳው ሩሲያዊው ተመራማሪ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። በ1882 በሲሲሊ ደሴት ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳይ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰካ፤ በማግስቱ ጠዋት በማጉያ መሣሪያ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ።

ቁስል ላይ የምናየው መግል በአብዛኛው የእነዚህ ሕዋሳት አስከሬን ነው። ኒውትሮፊል የሚባለውን ዓይነት ብቻ መቅኔያችን በቀን እስከ መቶ ቢሊዮን ድረስ ያመርታል፤ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ተዋግተው ወዲያው ይሞታሉ። እብጠቱ፣ መቅላቱ፣ ትኩሳቱ የእነሱ ሥራ ምልክት ነው እንጂ ሁልጊዜ የጀርሙ ክፋት አይደለም። ትኩሳት የሚነሣው ነጭ የደም ሕዋሳት በሚልኩት መልእክት አንጎላችን የሰውነትን ሙቀት ሆን ብሎ ከፍ ስለሚያደርገው ነው።

ይህ ክፍል ፈጣን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይነቃል። የሚያውቀው ግን ጥቅሉን ነው። በብዙ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ላይ የሚገኝ፣ በእኛ ሕዋሳት ላይ ግን የማይገኝ ንጥረ ነገር ሲያይ «እንግዳ ገብቷል» ይላል። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አይለይም፣ መቶ ጊዜ ቢመጣም ያው ነው። የፋሮ ምስጢር እዚህ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ክፍል የሚነቃው መልእክተኛ ሲደርሰው ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያላቸው ሕዋሳት በቆዳችንና በመተንፈሻ አካላችን ተሰማርተው ይጠብቃሉ። ጀርም ሲያገኙ ይውጡታል፣ ይቆራርጡታል፣ ቁርጥራጩንም በላያቸው ላይ አንጠልጥለው ጉዞ ይጀምራሉ። መድረሻቸው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው። ጉሮሯችን ሲቆስል ከመንጋጋችን ሥር የሚያብጠው፣ እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚወጣው ንፍፊት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ንፍፊትን እንደ ሌላ በሽታ ይፈራዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያብጠው በውስጡ ሕዋሳት በፍጥነት እየተባዙ ስለሆነ ነው፤ ትምህርቱ እየተካሄደ ያለው እዚያ ነው። (ለሳምንታት የማይጠፋ ወይም ሳያም እያደገ የሚሄድ ንፍፊት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።)

በሊምፍ ዕጢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይጠብቃሉ። ቢ ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) የሚባሉትን፣ በቅርጻቸው እንደ መንታ ባላ እንጨት ያሉ ፕሮቲኖች ያመርታሉ። ቲ ሕዋሳት ደግሞ ሁለት ሥራ ይከፋፈላሉ፤ አንዳንዶቹ በቫይረስ የተያዙ የራሳችንን ሕዋሳት ይገድላሉ፣ አንዳንዶቹ ሌሎቹን ያስተባብራሉ። አስተባባሪዎቹ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆኑ ኤችአይቪ አሳይቶናል። ቫይረሱ ለይቶ የሚያጠፋው እነሱን ነው፤ እነሱ ሲመናመኑ ሌላው ሁሉ አለ እያለ ሰውነት ተራ ጀርም መመከት ያቅተዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ ደረስን። እያንዳንዱ ቢ ወይም ቲ ሕዋስ በላዩ ላይ አንድ ዓይነት መያዣ አለው፤ ያ መያዣ እንደ ቁልፍ ከአንድ ቅርጽ ጋር ብቻ ይገጥማል። በዓለም ላይ ያሉት ጀርሞች ግን ሥፍር ቁጥር የላቸውም፤ ዛሬ የሌሉ፣ ነገ የሚፈጠሩም አሉ። ሰውነት አይቶት ለማያውቀው መቆለፊያ ቁልፍ ከየት ያመጣል?

ለረጅም ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ያመኑት ጀርሙ እንደ ማኅተም፣ ፀረ እንግዳ አካሉም እንደ ሰም ነው ብለው ነበር፤ ጀርሙ ሲጫነው ቅርጹን ይይዛል። አሳማኝ ሐሳብ ነው፤ ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት በ1957 ተቃራኒውን አቀረበ። ቁልፎቹ ሁሉ ጀርሙ ከመምጣቱ በፊት ተሠርተው ያለቁ ናቸው። ሰውነት ማን እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ በዘፈቀደ፣ እጅግ ብዙ ዓይነት ቁልፍ ይሠራል። ጀርሙ ሲገባ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል በአጋጣሚ የሚገጥመውን ሕዋስ ያገኘዋል፣ ያ ሕዋስም ይነቃና ይባዛል። ጀርሙ ራሱ የሚያጠፋውን መርጦ አስነሣ ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የሰው ልጅ ያለው ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረመሎች ቁጥር 20,000 ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር እንዴት ሚሊዮኖች ዓይነት ቁልፍ ይሠራል? ይህን የፈታው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ ሥራውን በ1976 አሳወቀ፣ በ1987 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የቁልፉ ዘረመል እንደ ሌሎቹ ሙሉ ሆኖ የተጻፈ አይደለም። በቁርጥራጭ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቢ ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ሲያድግ ከየክምሩ አንዳንድ ቁራጭ እያነሣ ይገጣጥማል፣ የተረፈውን ቆርጦ ይጥላል። በጥቂት ፊደላት ስንት ቃል እንደሚጻፍ ማሰብ ነው፤ ፊደሉ ውስን ነው፣ ቃሉ ግን አያልቅም። ቲ ሕዋሳትም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። የወላጆቻችን ዘረመል ሳይለወጥ የሚተላለፍ መጽሐፍ ነው የሚለው እምነት በእነዚህ ሕዋሳት ላይ አይሠራም፤ በሕይወታችን ውስጥ መጽሐፉን ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ።

በዘፈቀደ የተሠራ ቁልፍ ግን አደጋም አለው። የራሳችንን ሥጋ የሚገጥም ቢሆንስ? ስለዚህ ፈተና አለ። ቲ ሕዋሳት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ይፈተናሉ። የራሳችንን ሕዋስ አጥብቆ የሚይዝ እንዲሞት ይደረጋል፤ ምንም መያዝ የማይችልም አይረባምና ይሞታል። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ፈተናውን አያልፉም። ብክነት ይመስላል። ለእኔ ግን በሰውነታችን ውስጥ ከሚካሄዱት ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው፤ የምናየው ሰላም በብዙ ሚሊዮን ሞት የተገዛ ነው።

ፈተናውን ያለፉም አንዳንዴ ያጠፋሉ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታና መሰል ሕመሞች ይመጣሉ። ሌሎቹን የሚያረጋጉ ልዩ ቲ ሕዋሳትም አሉ፤ የ2025 የሕክምና ኖቤል የተሰጠው እነሱን ላገኙት ሦስት ተመራማሪዎች ነው። አለርጂም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ምንም የማይጎዳ የአበባ ብናኝ ወይም ለውዝ እንደ ወራሪ ተቆጥሮ ሰውነት ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ራሱ ሊገድል ይችላል።

ወደ በሽተኛው እንመለስ። አዲስ ጀርም ሲገባ የሚገጥሙት ሕዋሳት በቁጥር ጥቂት ናቸው። መገኘት አለባቸው፣ መራባት አለባቸው፤ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ታመን የምንከርመው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ በሊምፍ ዕጢው ውስጥ ብዙም የማይነገርለት ሥራ ይካሄዳል። የሚባዙት ቢ ሕዋሳት የቁልፋቸውን ዘረመል ሆን ብለው ትንሽ ትንሽ እያሳሳቱ ይገለብጡታል። ከሚወጡት ቅጂዎች አብዛኞቹ የባሱ ናቸው፣ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ጀርሙን ከመጀመሪያው አጥብቀው ይይዛሉ፤ እነሱ ይቀጥላሉ፣ እንደገና ይገለበጣሉ፣ እንደገና ይመረጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣው ፀረ እንግዳ አካል ልል ነው። ከሳምንታት በኋላ የሚወጣው ግን የተሳለ ነው። ከበሽታው ከዳንን በኋላ እንኳ መሳሉ ይቀጥላል።

ጀርሙ ሲጠፋ ከተባዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኞቹ የትውስታ ሕዋሳት ይባላሉ፤ በቁጥር ከመጀመሪያው ይበዛሉ፣ የተሳለውን ቁልፍ ይዘዋል፣ ጀርሙ ቢመለስ በሳምንታት ፈንታ በቀናት ውስጥ ይነሣሉ። ሁለተኞቹ ወደ መቅኔ ተመልሰው በዚያ የሚከትሙ ፕላዝማ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ጀርም ኖረም አልኖረም በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠር ፀረ እንግዳ አካል ወደ ደም ይለቃሉ። ከእነሱ መካከል ለአሥርት ዓመታት የሚኖሩ አሉ። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በ1918 የኅዳር በሽታ ዘመን የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆነ 32 ሰዎችን ደም መርምሮ ያንን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል በሁሉም ደም ውስጥ አግኝቷል። ዘጠና ዓመት ሙሉ። የፋሮ አረጋውያንን ያዳነው ይኸው ነው፤ በ1781 በልጅነታቸው የተመረጡት ሕዋሳትና ልጅ ልጆቻቸው በ1846ም ሥራ ላይ ነበሩ።

ታዲያ ጉንፋን ለምን በየዓመቱ ይመለሳል? ትውስታው ስለጠፋ አይደለም፤ የሚመጣው ሌላ ስለሆነ ነው። ራይኖቫይረስ የሚባለው የጉንፋን ቫይረስ ብቻ ከመቶ በላይ ዓይነት አለው፤ አንዱን ማወቅ ለሌላው አይበቃም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ገጽታውን በየጊዜው ይለውጣል። የወባ ተሕዋስ ከዚህም ይብሳል፤ በተያዘው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን የሚያሠሩ 60 ገደማ ዘረመሎች ስላሉት አንዱ ሲታወቅበት ሌላውን ይለብሳል። ወባ በሚበዛበት ቦታ የኖሩ ሰዎች ከብዙ ሕመም በኋላ የሚያገኙት ከፊል መከላከያ ነው፤ ከአካባቢው ርቀው ከኖሩ እሱም ይሳሳል።

መንጋጋ ቆልፍ የተለየ ነገር ያስተምረናል። በሽታውን የሚያመጣው የባክቴሪያው መርዝ ነው፤ መርዙ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ስለሆነ ሰው የሚገድለው መጠን ቢ ሕዋሳትን ለማንቃት አይበቃም። ስለዚህ ከመንጋጋ ቆልፍ የዳነ ሰው ዳግመኛ ሊታመም ይችላል፤ መከተብ አለበት። «ታምሞ መዳን ከክትባት ይሻላል» ለሚሉ ሰዎች ይህን አንድ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል።

ሌላም አለ፤ ኩፍኝ ራሱ። ቫይረሱ ከሚያጠቃቸው መካከል የትውስታ ሕዋሳት ይገኙበታል። በ2019 የወጣ ጥናት 77 ያልተከተቡ ልጆችን ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ፣ በሌሎች ጀርሞች ላይ ከነበራቸው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶ እንዳጡ አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኝ ይድናል፣ ኩፍኝንም ዕድሜ ልኩን ያስታውሳል፤ ከዚያ በፊት የተማረውን ግን ከፊሉን ረስቷል። ከኩፍኝ በኋላ ልጆች በተቅማጥና በሳንባ ምች የሚያልቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክትባት ይህን ሁሉ ትምህርት ያለ በሽታው የሚሰጥ ዘዴ ነው። ሐሳቡ ከሳይንሱ ይቀድማል፤ በእስያና በአፍሪካ በየቦታው ከፈንጣጣ ቁስል የተወሰደ ጥቂት ነገር ለጤነኛ ሰው ይሰጥ ነበር፤ አደጋ ነበረው፣ ግን ከበሽታው አደጋ በብዙ ያንሳል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር በግንቦት 1796 የላም ፈንጣጣን በአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ላይ ሞከረ፤ ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ ቁልፍ ሌላውንም ይከፍታል። በ1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የዛሬ ክትባቶች በየመልካቸው ይመጣሉ፤ የተዳከመ ቫይረስ፣ የሞተ ጀርም፣ መርዝነቱ የተሻረ መርዝ፣ ወይም የጀርሙን አንድ ቁራጭ ሰውነታችን ራሱ እንዲሠራ የሚነግር የኤምአርኤንኤ መልእክት። በአንዳንዶቹ ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው ይጨመራል፤ ብዙ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ያ የመጀመሪያው ክፍል ካልደነገጠ ሁለተኛው አይማርም፤ ጨው የሚጨመረው እሱን ለመቀስቀስ ነው። ከክትባት በኋላ ክንድ የሚያብጠው፣ ሌሊት ትኩሳት የሚነሣው፣ አንዳንዴም ብብት ሥር ንፍፊት የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕፃን ልጅ ከዚህ ሁሉ ገና ምንም አልተማረም። በማሕፀን ሳለ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ደሙ ይገባል፤ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ይህን ስንቅ ሳይሞሉ ነው የሚመጡት። ከተወለደ በኋላ እንገርና የእናት ወተት የአፉን፣ የጉሮሮውንና የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠብቅ ሌላ ዓይነት ይሰጡታል። ግን ይህ ስጦታ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ሕፃኑ ያንን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ የራሱ ሕዋሳት የሉትም፤ ከእናቱ የመጣው በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ያልቃል።

የኩፍኝ ክትባት ሕፃኑ እንደተወለደ የማይሰጠውም ለዚህ ነው። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ሳለ ቢከተብ፣ ክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ ያጠፋዋል፤ የሕፃኑ ሕዋሳት ሳያዩት ይቀራሉ። ኩፍኝ በሚበዛበት አገር 9 ወር፣ በማይበዛበት 12 ወር የሚጠበቀው ለዚህ ነው። በ9 ወር ከሚከተቡት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ መከላከያ ያገኛሉ። ሁለተኛው ክትባት የሚሰጠው በዋናነት ለቀሩት ነው፤ ማን እንደቀረ በዓይን ስለማይለይ ለሁሉም ይሰጣል።

ከእናት የመጣው ስንቅ ባለቀበትና ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን መካከል ግን ሕፃኑ ምንም የሌለው ጊዜ አለ። ኩፍኝ ደግሞ እጅግ ተላላፊ ነው፤ ማንም በማይከላከልበት ማኅበረሰብ አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ሥርጭቱ እንዲቆም ከመቶ 95 ያህሉ ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። በእነዚያ ሳምንታት ሕፃኑን የሚጠብቀው በወንድሙ፣ በእኅቱ፣ በጎረቤቱ መቅኔ ውስጥ ያለው ትውስታ ነው።